ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ የቢሮውን ኮምፒውተር ከቤት ልክፈተው? (ደሴ – ኮምቦልቻ)

የሸርፍ ተራዋ | ሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አርክቴክት ነኝ። ቤቴ ደሴ፣ ቢሮዬ ኮምቦልቻ ነው። በየቀኑ የሀረጎን ተራራ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ሚኒባሱ እስኪሞላ፣ ጭጋግ ሲሆን ሹፌሩ ቀስ ሲል፣ ጠዋትና ማታ ተደምሮ ሦስት ሰዓት ይበላብኛል። ልጄ ገና ሁለት ዓመቷ ነው። አለቃዬን ለመንኩትና ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ከቤት እንድሠራ ፈቀደልኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ችግሩ መሣሪያው ነው። የቢሮው ዴስክቶፕ ጎበዝ ነው፤ 32 ጊጋ ራም፣ አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ። ቤት ያለኝ ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩ አይ ስሪ፣ 8 ጊጋ ራም ነው። የምስልበትን ፕሮግራም፣ ሬቪትን፣ ይከፍታል። ግን የአሁኑን ፋይሌን ከፍቶ እስኪጨርስ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ይደርሳል። ፋይሉ ደግሞ ያለ ምክንያት አልከበደም። ደሴ ላይ ሜዳ ቦታ የት አለ? ሕንፃው ከፊት ሲያዩት ጂ+4 ነው፤ ከኋላ ግን ቁልቁለቱ ሁለት ቤዝመንት አስጨምሮታል። የመሬቱ አቀማመጥ አለ፣ የድጋፍ ግንቡ አለ፣ ሴክሽኑ (የቁርጥ ሥዕሉ) ብዙ ነው። 180 ሜጋባይት ደርሷል።

ሁለት መንገድ አለኝ። አንዱ የቢሮውን ኮምፒውተር ከቤት ሆኜ በሪሞት፣ ማለትም ኤኒዴስክ በሚባለው ከሩቅ ማሠሪያ ፕሮግራም፣ መክፈት። ሌላው የደረሰኝን እቁብ ላፕቶፕ ላይ ማዋል። 90 ሺህ ብር ነው፣ ከዚያ በላይ የለኝም። ባለፈው ቅዳሜ ኤኒዴስኩን ሞከርኩት። ከፈተልኝ፤ ግን ማውሱ ከእጄ ኋላ ኋላ ይከተላል። ግድግዳ ልስል ጠቅ ሳደርግ መስመሩ ቆይቶ ይመጣል። እኔ ያልገባ መስሎኝ እደግመዋለሁ፣ ሁለት ይሆንብኛል። የኔ ኢንተርኔት ነው ወይስ ነገሩ ራሱ እንደዚህ ነው? የእቁቡ ብር አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ ለዚህ ነው የምጨነቀው።

ሀረጎ ጭጋግ | ሰኞ ማታ 2፡34

ላፕቶፕ ግዢ እህቴ፣ አትወላውዪ። በሪሞት ለመሥራት ሦስት ነገር አንድ ላይ መገኘት አለበት፤ ቤት መብራት፣ ቢሮ መብራት፣ መሃል ላይ ኔትወርክ። አንዱ ከጎደለ ቀንሽ አለቀ። ላፕቶፕ ካለሽ መብራት ቢሄድ እንኳ ሴቭ አድርገሽ ትዘጊያለሽ።

ገመድ ዘርጊ | ሰኞ ማታ 3፡20

እኔ ኮምቦልቻ የኔትወርክ ዝርጋታ ነው የምሠራው። እህቴ፣ ብሩን ከማውጣትሽ በፊት ለኪ። መለካት ገንዘብ አይጠይቅም።

ሪሞት ስትሠሪ ፋይልሽ ከቢሮ አይወጣም። ወደ አንቺ የሚመጣው የስክሪኑ ምስል ነው፣ ልክ እንደ ቪዲዮ። ካንቺ የሚሄደው የማውስና የኪቦርድ ትእዛዝ ብቻ ነው፣ እሱ ኢምንት ነው። ስለዚህ ፋይሉ 180 ሜጋ ሆነ 800 ሜጋ ለመስመሩ ለውጥ የለውም። ዋናው ነገር ቢሮው ምስሉን የሚልክበት ፍጥነት ነው። የቢሮው አፕሎድ ማለቴ ነው። ሰው የቤቱን ዳውንሎድ ለክቶ ኔቴ ፈጣን ነው ይላል፤ የታነቀው ግን ብዙ ጊዜ ወዲያኛው ጫፍ ነው።

ሁለተኛው ፒንግ ነው። ትእዛዝሽ ሄዶ መልስ እስኪመጣ ያለው ጊዜ፣ በሚሊሰከንድ። እኔ እንዳየሁት ከ50 በታች ሲሆን እጅ አያውቀውም። 100 ሲያልፍ መስመር ስትስዪ ይሰማሻል። 200 ላይ ደብዳቤ ይጻፍ ይሆናል፣ ፕላን ግን አይሳልም።

ደሴና ኮምቦልቻ ጎረቤት ናቸው ብለሽም አትታለዪ። እነዚህ ፕሮግራሞች ሁለቱን ኮምፒውተሮች በቀጥታ ማገናኘት ሲያቅታቸው በራሳቸው ሰርቨር በኩል ያዞሩታል። ሰርቨሩ ውጭ አገር ከሆነ ጠቅ ያደረግሽው ነገር ከሸርፍ ተራ ተነስቶ ባሕር ተሻግሮ ነው ኮምቦልቻ የሚደርሰው።

ነገ ቢሮ ስትገቢ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ሰው ሥራ ላይ እያለ፣ አፕሎዱን ለኪ። ሰው ሲወጣ ድገሚው። ኮምፒውተሩ በዋይፋይ ነው ወይስ በኬብል? እሱንም ንገሪን።

የሸርፍ ተራዋ | ማክሰኞ ማታ 1፡45

ለካሁ። ቢሮ ረፋድ ላይ ዳውንሎድ 11 ሜጋቢት፣ አፕሎድ 1.4። ማታ ሁሉም ከወጡ በኋላ አፕሎድ 3.8። ቤት ዳውንሎድ 9። ፒንጉ 140፣ 150 ይላል። ኮምፒውተሩ በዋይፋይ ነው፣ ራውተሩ ያለው ሌላ ክፍል ነው። አንዱን መስመር የምንጠቀመው ስድስት ሰዎች ነን።

ገመድ ዘርጊ | ማክሰኞ ማታ 2፡05

ይኸው ተገኘ። ቤትሽ ደህና ነው። 1.4 ለስድስት ሰው፣ ያውም በዋይፋይ! መጀመሪያ ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙት። አንድ ኬብል ነው። ፒንጉ ትንሽ ይወርዳል፣ መንቀጥቀጡ ደግሞ ብዙ ይቀንሳል።

ቤት በሞባይል ዳታ የምትጠቀሚ ከሆነ ሒሳቡን ልሥራልሽ። በሰከንድ 3 ሜጋቢት ማለት በሰዓት 1.35 ጊጋባይት ነው። በቀን ስድስት ሰዓት 8 ጊጋ፣ በወር 12 ቀን ብትሠሪ 97 ጊጋ። ላፕቶፕ ኖሮሽ ፋይሉን ብቻ ጠዋት አውርደሽ ማታ ብትልኪ ግን በቀን 360 ሜጋ ነው፣ በወር ከአራት ጊጋ ብዙም አያልፍም። በ2 ሜጋቢት አፕሎድ 180 ሜጋውን ለመላክ 12 ደቂቃ ይፈጃል።

ቀይ እስክሪብቶ | ማክሰኞ ማታ 3፡30

ልጄ፣ እኔ የስትራክቸር መሐንዲስ ነኝ። ዕድሜዬን በወረቀትም በኮምፒውተርም ሥዕል ሳርም ነው የኖርኩት። ስለ ፍጥነቱ ልጆቹ ነግረውሻል። እኔ የማነሳው ሌላ ነገር ነው፤ ዓይንን።

በሪሞት የሚመጣው ምስል ይጨመቃል። ሲጨመቅ ከብርሃኑ ይልቅ ቀለሙ ነው የሚጎዳው። ፊልም ብታዪበት አታውቂውም። በመሳያ ፕሮግራሙ በአውቶካድ ጥቁር ስክሪን ላይ ግን ቀጭን ቀይ መስመር፣ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ሲሆን ይደበዝዛል፣ ጠርዙ ይቀባባል። ትናንሽ ቁጥሮችም አብረው ይደበዝዛሉ።

አንድ ቀን ከቤት ሆኜ የአንድ ቢም ዝርዝር በሪሞት አየሁና አጸደቅኩ። 16 የነበረውን ብረት 10 ብዬ አንብቤዋለሁ፣ እሱን ይዤ የጎኑን ቢም አስተካክዬ ልኬ ነበር። ብረት አሳሪው ጠርጥሮ ደወለልኝ። እሱ ባይደውል ኮንክሪቱ ይፈስ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ በሪሞት ያየሁትን ሥዕል በወረቀት ሳላየው አልፈርምም። በሪሞት ስትሠሪ የምስሉን ጥራት ከፍ አድርጊው፣ ቢዘገይም ይዘግይ። ልኬት ስታነቢ ደግሞ አጉልተሽ አንብቢ።

የቴክኖ ተማሪ | ማክሰኞ ማታ 3፡52

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እርስዎ ያሉት እኔም ገጥሞኛል፣ ግን ምክንያቱን አላውቅም ነበር። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሲቪል ተማሪ ነኝ። አንድ ጥያቄ ላስገባ፤ ውጭ ያለ የክላውድ ኮምፒውተር መከራየትስ አይሻልም?

ገመድ ዘርጊ | ማክሰኞ ማታ 4፡01

አይመስለኝም። ክፍያው በሰዓት ነው፣ በዶላር ነው። አከራዩ አማዞን አፍሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 2020 የከፈተው የኮምፒውተር ማዕከል ኬፕታውን ነው፣ ከኛ ሩቅ ነው። ኮምቦልቻና ደሴ መካከል ያስቸገረን ነገር እዚያ ይብሳል። አንተ ተማሪ ስለሆንክ የአውቶዴስክ ፕሮግራሞችን፣ ሬቪትንም አውቶካድንም፣ በተማሪ ፈቃድ በነፃ ማግኘት ትችላለህ፣ በየዓመቱ ይታደሳል። እሱን ተጠቀምበት።

ሆጤ ማዶ | ረቡዕ ጠዋት 1፡15

ሁላችሁም ሪሞትን አጣጣላችሁት። እኔ ሁለት ዓመት በሪሞት ሠርቻለሁ፣ ልሟገትለት።

ላፕቶፕ ላይ ፋይል ይዘሽ ስትሄጂ ሁለት ፋይል ሆነ ማለት ነው። አንዱ ቢሮ፣ አንዱ ካንቺ ጋር። አንቺ ቤት ሆነሽ ደረጃውን ታስተካክያለሽ። ባልደረባሽ ደግሞ ቢሮ ሆኖ የደረጃውን በር ያንቀሳቅሳል። ሐሙስ ስትገናኙ የማንኛችሁ ነው ትክክለኛው? ሬቪት አብሮ የመሥሪያ ዘዴ አለው፣ ግን ማዕከላዊው ፋይል ቢሮ ውስጥ ባለ ኔትወርክ ላይ ሆኖ አንዱ ሰው ቤቱ ከሆነ በዚህ ኢንተርኔት አይሞከርም። በሪሞት ግን ፋይሉ አንድ ነው።

ስሪቱም አለ። በሬቪት 2024 ሴቭ ያደረግሽውን 2023 አይከፍተውም። አዲሱን ላፕቶፕ ገዝቶ አዲሱን ስሪት ጭኖ፣ የቢሮውን ሥራ ሁሉ ወደ አዲሱ ቀይሮ ባልደረቦቹን ያሰናከለ ሰው አውቃለሁ። ደግሞ ላፕቶፕ ይሰረቃል፣ ይወድቃል። ሚኒባስ ውስጥ ጭንሽ ላይ ይዘሽው ነው የምትወጪው።

ሀረጎ ጭጋግ | ረቡዕ ጠዋት 1፡40

የፋይሉ ነገር እውነት ነው፣ አላሰብኩትም ነበር። ግን መፍትሔ አለው። ሥራውን መከፋፈል ነው። ከቤት በምትሠራባቸው ቀናት ያ ሕንፃ የሷ ብቻ ይሁን፣ ሌላ ሰው አይንካው። ፋይሉ ስም ላይ ቀኑ ይጻፍ።

ሆጤ ማዶ | ረቡዕ ጠዋት 1፡48

አለቃው ከተስማማ ይሆናል። ይህን አስቀድማ በግልጽ ትነጋገርበት። ኋላ ፀብ የሚያመጣው ይኸው ነው።

ቀይ እስክሪብቶ | ረቡዕ ጠዋት 2፡10

እኔም የማስበው ወደዚሁ ነው። ልጄ፣ ጥያቄሽን ለሁለት ክፈዪው። እጅ የሚፈልግ ሥራ አለ፤ መሳል፣ ማረም፣ ልኬት መጻፍ። ይህ አጠገብሽ ባለ መሣሪያ ይሠራ። ጉልበት የሚፈልግ ሥራም አለ፤ ሬንደር (ሕንፃውን እንደ ፎቶ አድርጎ ማውጣት)፣ ለኛ ደግሞ ኢታብስ በሚባለው የስትራክቸር ማስሊያ ፕሮግራም ትልቅ ሕንፃ ማስላት። ይህን ማስጀመርና ውጤቱን ማየት ብቻ ነው፣ ማውሱ ቢዘገይም ምንም አይልሽም። ይህ ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ይሠራ። እንዲህ ካሰብሽው ለላፕቶፑ ያን ያህል ትልቅ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግሽም፣ 90 ሺህሽም ይበቃሽ ይሆናል።

የሸርፍ ተራዋ | ረቡዕ ማታ 2፡30

ጋሼ፣ ይህን ሲሉኝ ጭንቅላቴ ቀለል አለው። እስካሁን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለብኝ ብዬ ነበር የማስበው። ሬንደር የማደርገው በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። ሌላው ቀኔ በሙሉ መሳል ነው።

ዛሬ ፒያሳ ሁለት ሱቅ ገባሁ። ሁለት ላፕቶፕ አሳዩኝ፣ ሁለቱም ያገለገሉ። አንዱ ቀጭን፣ ቀላል፣ እንደ አዲስ ነው፤ አይ ሰቨን 8565 ዩ፣ 16 ጊጋ ራም፣ 78 ሺህ። ሌላው ኤችፒ ዜድቡክ 15 ጂ5፣ ወፍራምና ከባድ፤ አይ ሰቨን 8850 ኤች፣ 32 ጊጋ ራም፣ ኳድሮ ፒ1000 ካርድ፣ 92 ሺህ። ሻጩ ሁለቱም አይ ሰቨን ናቸው፣ ሁለቱም ስምንተኛ ትውልድ ናቸው፣ ቀላሉን ውሰጂ አለኝ። ለመሸከምም ቀላሉ ደስ ይላል።

የላፕቶፕ ሐኪም | ረቡዕ ማታ 3፡15

ቆይ ቆይ! ቀላሉን እንዳትወስጂ። እኔ ደሴ ጥገና ነው የምሠራው፣ በዚህ ነገር የተቃጠለ ሰው በየሳምንቱ ይመጣብኛል።

አይ ሰቨን የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ከቁጥሩ መጨረሻ ያለውን ፊደል እዪ። ዩ ማለት ለባትሪ ቁጠባ የተሠራ ነው፣ 15 ዋት። ኤች ማለት ለጉልበት የተሠራ ነው፣ 45 ዋት። ያየሽው 8565 ዩ አራት ኮር ነው፣ 8850 ኤች ስድስት ኮር ነው። ዩው መጀመሪያ ላይ ይፈጥናል፣ አትታለዪበት። ሱቅ ውስጥ ስትከፍቺው ቆንጆ ነው። ከሃያ ደቂቃ ሥራ በኋላ ሲሞቅ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ቀጭን ስለሆነ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድም የለውም፣ ከራምሽ ላይ ነው የሚበደረው።

ከቁጥሩ መጀመሪያ ያለው ደግሞ ትውልዱ ነው። 7 ብሎ የሚጀምር ርካሽ ታገኛለሽ፤ 7700 ኤችኪው ምናምን ይሉሻል። ተይው። ዊንዶውስ 11 ኢንቴል ላይ በይፋ የሚደግፈው በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ላፕቶፕ ተወዷል። በዚህ ዋጋ ነገ የሚያረጅ ዕቃ አይገዛም።

ሱቅ ስትሄጂ የራስሽን ፋይል በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። የሬቪት የሙከራ ስሪት ጭነሽ 180 ሜጋውን እዚያው ክፈቺው። ሴክሽን አውጪ፣ ስሪዲውን አዙሪው። ግማሽ ሰዓት ቆዪ። ደህና ሻጭ አይከለክልሽም፤ ከከለከለሽ ጥለሽ ውጪ። ታስክ ማናጀር ከፍተሽ ራሙንም ካርዱንም በዓይንሽ እዪ፣ በወረቀት የተለጠፈውን አትመኚ። የዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት አስወጪ። ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረው አቅምና አሁን የቀረው ጎን ለጎን ተጽፎ ይመጣል። ማራገቢያውን ስሚው። ቻርጀሩ የራሱ መሆኑን እዪ፤ ትንሽ ዋት ያለው ቻርጀር ከሰጡሽ ላፕቶፑ ይሠራል ግን ይንቀራፈፋል።

የደሴ ብርድ ለላፕቶፕ ጥሩ ነው። ኮምቦልቻ ይዘሽው ስትወርጂ ግን ሙቀትም አቧራም አለ። በስድስት ወር አንዴ አስጠርጊው።

የሸርፍ ተራዋ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ 1፡30

የመከራችሁኝን ሁሉ አደረግኩ። ማምጣት ያለብኝን ዜና ላምጣ።

ዜድቡኩን ገዛሁት። ፋይሌን በፍላሽ ይዤ ሄጄ አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩበት። የባትሪው ሪፖርት ሲወጣ 90 ዋት ሰዓት የነበረው 57 ቀርቶታል። ለሻጩ አሳየሁት፣ እሱም አልተከራከረኝም፣ 92 ያለውን በ86 ሰጠኝ። በተረፈው ለራውተሬ ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ ገዛሁ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ሬቪት ላይ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልቅም፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል፤ ግን ሥራዬን ቋጭቼ ለመላክ ይበቃኛል።

ከአለቃዬ ጋር ተነጋገርን። ከቤት በምሠራባቸው ቀናት ያ ሕንፃ የኔ ብቻ ነው። ስሪቱም ከቢሮው ጋር አንድ ነው። ማታ ፋይሉን እልካለሁ፣ ከዚያ በሪሞት ገብቼ ሬንደሩን አስጀምሬ እዘጋለሁ። ኬብሉ ከገባ በኋላ ፒንጉ 90 ገደማ ሆኗል፣ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ሁለት ነገር ግን አስቸገረኝ። ማክሰኞ ሌሊት ቢሮ መብራት ሄዶ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ሬንደር ግማሽ ላይ ጠፋ። ኮምፒውተሩም ጠዋት ሰው እስኪያበራው እንደጠፋ ቀረ። ሁለተኛው፣ ባልደረባዬ ሞኒተሩን ነቅሎ ሲወስደው በሪሞት የሚታየኝ ስክሪን ትንሽዬ ሆነ፣ በተኖቹ አይታዩም።

ገመድ ዘርጊ | እሑድ ማታ 1፡55

እንኳን ደስ አለሽ! ለመብራቱ፣ ኮምፒውተሩ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ማስተካከያ) ውስጥ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ አብዛኞቹ ዴስክቶፖች አላቸው። እሱን አብሪው። ዊንዶውሱም እንዳይተኛ አድርጊው። ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ብትገዙ ለደቂቃዎች ነው የሚይዘው፣ ሌሊቱን አያሳልፍም። ስለዚህ ቪዲዮውን በአንድ ፋይል ሳይሆን ምስል በምስል አስወጪው። መብራት ቢሄድ የተሠራው ይተርፍልሻል፣ ካቆመበት ትቀጥያለሽ።

ለሞኒተሩ፣ ሞኒተር ያለ የሚያስመስል ትንሽ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ አለ። ዋጋው ቀላል ነው፣ እኔ ጋ አንድ ትርፍ አለኝ። ነገ ቢሮ ከሆንሽ በሻይ ሰዓት አቀብልሻለሁ።

የይለፍ ቃሉን ደግሞ ረጅም አድርጊው። ነፃው ስሪት ለግል መጠቀሚያ ነው የሚፈቀደው፤ አለቃሽ የሥራውን ፈቃድ ይክፈልበት። እኔ ሳልከፍል ለሥራ ስጠቀም መሃል ላይ ተቋርጦብኝ ያውቃል።

የሸርፍ ተራዋ | ሰኞ ማታ 2፡40

መሰኪያውን አገኘሁት፣ ሰካሁት፣ ስክሪኑ ሙሉ ሆኗል። ባዮሱንም አስተካከልን። ሶኬቱን ነቅለን መልሰን ስንሰካው ራሱ ተነሳ። የፈቃዱን ክፍያ አለቃዬ እሺ ብሎኛል።

አሁን ሬንደሩ 214ኛው ምስል ላይ ነው። ልጄን አስተኝቼ ነው የምጽፍላችሁ።

ቀይ እስክሪብቶ | ሰኞ ማታ 2፡58

ጎበዝ ልጄ። የድጋፍ ግንቡን ሴክሽን ስትጨርሺ በወረቀት አትመሽ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።